ለፎቶ ጌጠኛ ጠርዝ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል? ለባሕር ዳር ፎቶ ቤቶችና ለግል ተጠቃሚዎች የተዘጋጀ ንጽጽር

በባሕር ዳር የሠርግ ወራት ሲገቡ፣ ጥምቀት ሲቃረብ፣ የዩኒቨርሲቲው ተመራቂዎችም ጋዋናቸውን ለብሰው ወደ ጣና ዳር ሲወርዱ፣ ፎቶ አንሺዎች ከደንበኞቻቸው ደጋግመው የሚሰሙት ጥያቄ «ዙሪያውን አሳምሩልኝ» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም ሥራው የሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች ብዙ ናቸው። አንዱ ወርኃዊ ክፍያ ይጠይቃል፤ ሌላው ነጻ ቢሆንም ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ያለ ኢንተርኔት አይንቀሳቀስም፤ አራተኛው በስልክ ላይ በአንድ ደቂቃ ቢጨርስም ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ጠርዙ በአንድ ወገን ተበልቶ ይገኛል።

አብዛኛው ሰው ሶፍትዌር የሚመርጠው በውስጡ የተዘጋጁትን ፍሬሞች ብዛት አይቶ ነው። በዚህ ጽሑፍ አቋም ግን የፍሬም ብዛት ከመስፈርቶቹ ሁሉ የመጨረሻው ነው፤ የተዘጋጀ ፍሬም በብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ላይ ከውጭ ሊጨመር ይችላልና። ምርጫውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ያለቀው ፎቶ የሚያርፈው ወረቀት ላይ ነው ወይስ ስልክ ላይ፣ በአንድ ጊዜ የሚሠራውስ አንድ ፎቶ ነው ወይስ መቶ።

## አስቀድሞ መስፈርቶቹ

የመጀመሪያው መስፈርት ልክ ነው። በፎቶ ቤቶች 10 በ15 (በሳንቲ ሜትር) የሚባለው ወረቀት በአብዛኛው 4 በ6 ኢንች ሲሆን፣ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 1200 በ1800 ፒክስል ይሆናል። በዚህ ልክ 60 ፒክስል ማለት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የብዙ ካሜራዎች ምስል ምጣኔው፣ ማለትም የረጅሙና የአጭሩ ጎን ንጽጽር፣ 3 ለ 2 ስለሆነ ከወረቀቱ ጋር ይገጥማል፤ ነገር ግን በአራቱም ጎን እኩል 60 ፒክስል ጠርዝ ሲሰጠው ለፎቶው የሚቀረው ቦታ 1080 በ1680 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ 3 ለ 2 አይደለም። ስለዚህ ወይ ፎቶው ከአጭሩ ጎን በጥቂቱ መቆረጥ አለበት፣ ወይም በረጅሙ ወገን ጫፍና ጫፍ ያለው ጠርዝ ከ60 ወደ 90 ፒክስል መስፋት አለበት። በአግድም የተነሣ የተመራቂዎች የቡድን ፎቶ ላይ መቁረጥን የመረጠ ሰው የሚቆርጠው ከላይና ከታች ነው፤ የቆብ ጫፍና የጫማ አፍንጫ የሚጠፋውም በዚህ መንገድ ነው። በስልክ የተነሣ 4 ለ 3 የሆነ ፎቶ ደግሞ ሳይቆረጥ እዚያው ወረቀት ላይ ሲቀመጥ 1080 በ1440 ይይዝና በጫፍና ጫፍ 180 ፒክስል፣ ማለትም 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይተርፋል። ይህ ትርፍ ለስምና ለቀን መጻፊያ የተመቸ ቦታ ስለሆነ እንደ ጉድለት መቆጠር የለበትም።

ልክን የሚያበላሽ ሌላም ነገር አለ። የፎቶ ማጠቢያ ማሽን ምስሉ ወረቀቱን ያለ ክፍተት እንዲሸፍን በጥቂቱ አስፍቶ ስለሚያትመው፣ ከየዳሩ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሊጠፋ ይችላል፤ የሚጠፋውም ሁልጊዜ ከአራቱም ጎን እኩል አይደለም። በዚህ ምክንያት በኮምፒውተር መስታወት ላይ እጅግ የሚያምረው ባለ 1 ሚሊ ሜትር ቀጭን መስመር ከወረቀት ሲደርስ በግራ ጠፍቶ በቀኝ ተርፎ ይታያል። ለሚታጠብ ፎቶ ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠርዝ አለመስጠት፣ ቀጭን መስመር ከተፈለገም ከዳር ገባ አድርጎ በሰፊው ጠርዝ ውስጥ ማስመር ይገባል። እንግዲህ ጥሩ ሶፍትዌር የምንለው የጠርዙን ስፋት በፒክስል ወይም በሚሊ ሜትር ቆርጦ ለመወሰን የሚያስችለውን ነው። «ቀጭን፣ መካከለኛ፣ ወፍራም» ብቻ የሚል ለወረቀት አይሆንም።

ሁለተኛው መስፈርት ብዛት ነው። የአንድ ሠርግ አልበም ፎቶዎችን አንድ በአንድ እየከፈቱ ጠርዝ መጨመር ሌሊት የሚያሳድር ሥራ ሲሆን፣ በሃምሳኛው ላይ የደከመ እጅ ስፋቱን ማዛነፉም አይቀርም።

ሦስተኛው ኢንተርኔት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ባለሙያ ሥራውን በሙሉ በኢንተርኔት ላይ በሚኖር አገልግሎት ላይ አያስቀምጥም። መስመሩ ደኅና በሆነበት ጊዜም ቢሆን አንድ አልበም ሙሉ ትልልቅ ፎቶ ወደ ላይ ጭኖ መልሶ ማውረድ የዳታ ወጪው ቀላል አይደለም።

አራተኛው ወጪና ፈቃድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ወርኃዊ ክፍያ በብር ሲሰላ በእጅጉ ከብዷል፤ መክፈያ ዓለም አቀፍ ካርድ ማግኘቱም ለሁሉም አይሳካም። በሌላ በኩል «ነጻ» የተባለ ሁሉ ለንግድም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ኢርፋንቪውና ኤክስኤንኮንቨርት የተባሉት ሁለት ታዋቂ ፕሮግራሞች ለግል አገልግሎት ያለ ክፍያ የሚሰጡ ቢሆኑም ለንግድ ድርጅት ግን ፈቃድ መግዛትን ይጠይቃሉ። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕም ከሕግ ጥያቄው ሌላ ቫይረስ ይዞ የመምጣት ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ በዚህ ንጽጽር እንደ አማራጭ አልተቆጠረም።

አምስተኛው የራስን ጌጥና የራስን ፊደል ማስገባት መቻል ነው። የጥበብ ጥለት ወይም የብራና ሐረግ የፈለገ ደንበኛ በተዘጋጁ የአበባና የልብ ቅርጾች አይረካም፤ ከጠርዙ ግርጌ «ባሕር ዳር፣ ጥር 2017» ብሎ ሲጻፍም ፊደሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ መቅረት የለበትም።

## ፎቶሾፕ

ለጠርዝ ሥራ ፎቶሾፕን ከሌሎቹ የሚለየው አክሽን የሚባለው ክፍሉ ነው። አንድ ፎቶ ላይ የተሠራውን ቅደም ተከተል፣ ማለትም ምስሉን ወደ 1080 በ1620 ማምጣቱን፣ ካንቫሱን (ምስሉ የሚያርፍበትን መደብ) ወደ 1200 በ1800 ማስፋቱን፣ ቀለም መሙላቱንና ማስቀመጡን ቀርጾ ይይዝና በባች ትእዛዝ በሙሉ ፎልደር ላይ ይደግመዋል። ጠርዙን በሌየር ስታይል ውስጥ ባለው ስትሮክ (የዳር መስመር ማስመሪያ) መስጠትም ይቻላል፤ ይህ መንገድ ስፋቱንና ቀለሙን በኋላ ለመለወጥ ያመቻል። ስትሮኩ ወደ ውስጥ እንዲሆን ካልታዘዘ ግን ፎቶው ካንቫሱን ሞልቶ ባለበት ጊዜ ከካንቫሱ ውጭ ይሠመርና አይታይም፤ ጀማሪዎች «አልሠራም» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይህንን ነው።

ከፕሮግራሙ ጋር አብረው የሚመጡት አክሽኖች ውስጥ የእንጨት ፍሬም የሚሠራ አለ፤ ስፋቱ 50 ፒክስል ተብሎ የተወሰነ ነው። 50 ፒክስል በትንሽ ምስል ላይ ወፍራም ፍሬም ይሆናል። ከባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ በወጣ 6000 በ4000 ምስል ላይ ግን በ10 በ15 ወረቀት ሲታጠብ 1.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚሆን ማሽኑ ይበላዋል። መፍትሔው አስቀድሞ ምስሉን ለጠርዙ ቦታ ትቶ ወደ ማተሚያ ልኩ ማሳነስ፣ ከዚያ በኋላ ጠርዙን መጨመር ነው። ይህ ቅደም ተከተል በሚከተሉት የኮምፒውተር ሶፍትዌሮችም ይሠራል።

ፎቶሾፕ ለብቻው በወር ከ20 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ለቆዳ ማስተካከያና ለአልበም ንድፍ ቀድሞውኑ ለሚጠቀምበት ፎቶ ቤት ተጨማሪ ነገር መፈለግ ትርፍ ድካም ነው። ለጠርዝ ብቻ ብሎ መክፈል ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ አያዋጣም።

## ጊምፕ

ጊምፕ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ለግልም ለንግድም ሙሉ በሙሉ ነጻ የሆነ፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ፕሮግራም ነው። መጫኛውን አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ለሌላው ማካፈልም ፈቃዱ የሚደግፈው ነው። ዲኮር በተባለው የፊልተር ዝርዝር ሥር ለጠርዝ የተዘጋጁ በርካታ ትእዛዞች አሉት። አንዱ በአራቱ ጎን የተለያየ የቀለም ጥልቀት እየሰጠ ጠርዙን ብድግ ያለ ያስመስለዋል፤ ሌላው የተበጣጠሰና የደበዘዘ ዳር ይሠራል፤ ሌሎቹ ማዕዘኑን ያዞራሉ ወይም ፎቶውን ያረጀ ያስመስላሉ። የተበጣጠሰው ዳር ለሠርግ ፎቶ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ ይመስላል፤ ለአሮጌ የቤተሰብ ፎቶ ቅጂ ግን ይስማማል።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው 3.0 ዕትም ፊልተሮችን የምስሉን ፒክስል ሳይቀይሩ በላዩ ላይ ለማቆየት አስችሏል፤ ይህ ለረጅም ጊዜ ከፎቶሾፕ ያሳንሰው የነበረውን አንድ ክፍተት አጥብቦታል። የቀረው ድክመት ብዛት ላይ ነው። ጊምፕ እንደ ፎቶሾፕ አክሽን የእጅን ሥራ ቀርጾ የሚደግም ክፍል የለውም፤ ስክሪፕት (ትእዛዞችን በኮድ) መጻፍ ለሚችል በር ክፍት ቢሆንም ለተራው ፎቶ አንሺ ይህ በር እንደተዘጋ ይቆጠራል። ጀማሪን የሚያደናግር አንድ ነገርም አለ፤ «ሴቭ» የሚለው ትእዛዝ የፕሮግራሙን የራሱን ፋይል እንጂ ጄፔግ አያስቀምጥም፤ ለፎቶ ቤት የሚላከው የሚወጣው «ኤክስፖርት» በሚለው ነው።

## ዲጂካም

በከተማችን እምብዛም የማይታወቀው፣ ነገር ግን ለዚህ ሥራ ከሁሉም በላይ የሚገጥመው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ዲጂካም በመሠረቱ የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ነው፤ ነጻ ነው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። በውስጡ ያለው የምስል ማስተካከያ ጠርዝ መጨመሪያ መሣሪያ አለው፤ ተራ ባለ አንድ ቀለም ጠርዝ፣ ባለ ሁለት መስመር ጠርዝ፣ እንዲሁም እንጨት፣ ወረቀት፣ እብነ በረድ፣ ድንጋይና የመሳሰሉትን የሚያስመስሉ ጌጦች ይሰጣል። ከጌጦቹ ይልቅ የሚጠቅመው የምስሉን ምጣኔ ጠብቆ ጠርዝ የሚጨምረው ምርጫ ነው፤ 3 ለ 2 የገባ ፎቶ 3 ለ 2 ሆኖ ይወጣል፤ ከላይ በ60 እና በ90 ፒክስል ያየነውን ስሌት ተጠቃሚው በእጁ ማስላት አይኖርበትም።

ይኸው የጠርዝ መሣሪያ በፕሮግራሙ የባች ክፍል ውስጥም ስለሚገኝ፣ መቶ የምረቃ ፎቶዎችን በወረፋ አሰልፎ መጠናቸውን ማሳነስና ጠርዝ መጨመር በአንድ ትእዛዝ ይከናወናል። ጉድለቱ የሐረግና የጥለት ጌጥ ላይ ነው፤ በአንድ ጎን ጥለት፣ በሌላው ጎን ጽሑፍ የሚፈልግ ንድፍ ለእርሱ አይሆንም። የእንጨትና የእብነ በረድ ጌጦቹም፣ ባይነኩ ይሻላል እላለሁ፤ ዘመናቸው አልፏል።

## ፎቶፒያ፣ ካንቫና የስልክ መተግበሪያዎች

ፎቶፒያ በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ የሚከፈት፣ አሠራሩ ከፎቶሾፕ ጋር እጅግ የሚመሳሰል፣ ከማስታወቂያ ጋር በነጻ የሚሰጥ ነው። ፎቶው ወደ ሌላ ቦታ ሳይላክ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ስለሚሠራ የሚፈጀው ዳታ ገጹን ለመክፈት የሚያስፈልገው ብቻ ነው፤ ገጹ አንዴ ከተከፈተ በኋላ መስመር ቢቋረጥም ሥራው ይቀጥላል። ምንም መጫን በማይፈቀድበት የቢሮ ወይም የቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ አንድ ሁለት ፎቶ ለመሥራት ከእርሱ የሚሻል አይገኝም።

ካንቫ ውበት ላይ ይበልጣል። የግብዣ ካርድና የምስጋና ካርድ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጁት ንድፎች ብዙ ጊዜ ይቆጥባሉ። እዚህ ጋ መለየት ያለበት ግን ካንቫ ፍሬም የሚለው ፎቶውን በክብ ወይም በቅስት ቅርጽ ቆርጦ የሚይዘውን ማስገቢያ እንጂ በፎቶው ዙሪያ የሚዞረውን ጠርዝ አለመሆኑ ነው፤ ዙሪያውን የሚያስጌጠው በሌላ ስም ይፈለጋል። ከጌጦቹ ብዙዎቹ የሚከፈልባቸው ናቸው፤ አገልግሎቱም በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ ነው።

ከስልክ መተግበሪያዎች ስናፕሲድ ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ ይሠራል፤ ጥቂት የተዘጋጁ ፍሬሞች አሉት፤ ስፋታቸው በጣት እየተንሸራተተ ይለወጣል እንጂ በፒክስል አይወሰንም፤ የራስን ጌጥም ሆነ የራስን ፎንት አያስገባም። ለቴሌግራም ይበቃል። ፒክስአርት ጌጡ የበዛ፣ ማስታወቂያውና «ከፍለህ ተጠቀም» የሚለው ጥሪም የበዛ ነው።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ልክን በፒክስል መወሰን | ብዙ ፎቶ በአንዴ | ያለ ኢንተርኔት | ለንግድ የሚያስከፍለው | የራስን ጌጥ ማስገባት |
|---|---|---|---|---|---|
| ፎቶሾፕ | ይቻላል | በጣም ጥሩ | ይሠራል፤ ፈቃዱ በየጊዜው ይረጋገጣል | ወርኃዊ ክፍያ በዶላር | በጣም ጥሩ |
| ጊምፕ | ይቻላል | ስክሪፕት ለሚያውቅ ብቻ | ይሠራል | ነጻ | በጣም ጥሩ |
| ዲጂካም | ይቻላል፤ ምጣኔም ይጠብቃል | በጣም ጥሩ | ይሠራል | ነጻ | ደካማ |
| ፎቶፒያ | ይቻላል | ለጥቂት ፎቶ | ገጹ ከተከፈተ በኋላ | ነጻ፣ ከማስታወቂያ ጋር | ጥሩ |
| ካንቫ | በከፊል | ለጥቂት ፎቶ | አይመከርም | በከፊል ነጻ | ጥሩ |
| ስናፕሲድ | አይቻልም | አይሆንም | ይሠራል | ነጻ | አይቻልም |

## ጌጡ ከየት ይምጣ?

በጣና ዙሪያ ለሚሠራ ሰው ከየትኛውም የተዘጋጀ ፍሬም የሚበልጥ ምንጭ በቅርብ አለ፤ የነጠላ ጥለት። ነጠላው በደንብ ተተኩሶ፣ ጥላ ባለበት ቦታ ተዘርግቶ፣ ካሜራው ልክ ከላዩ ቀጥ ብሎ ፎቶ ይነሣል። ከዚያም ከጥለቱ ላይ ራሱን የሚደግመው አንዱ ክፍል ብቻ ተቆርጦ ይወሰድና ስፋቱ 150 ፒክስል ይደረጋል። 150 የተመረጠው 1200 ፒክስል ላይ 8 ጊዜ፣ 1800 ፒክስል ላይ 12 ጊዜ ሳይተርፍና ሳይጎድል ስለሚገባ ነው፤ ሁለቱን እኩል የማያካፍል ቁጥር ከተወሰደ ጥለቱ በመጨረሻው ጫፍ ላይ ሳይሞላ ይቆረጣል። በፎቶሾፕ ይህ ክፍል እንደ ፓተርን (ራሱን እየደገመ የሚሞላ ንድፍ) ይመዘገባል፤ በጊምፕ ኮፒ ማድረግ ብቻ በፓተርኖች ዝርዝር መጀመሪያ ላይ ያኖረዋል፤ ቀሪው መሙላት ነው።

አስቸጋሪው ማዕዘኑ ነው። ጥለት ቀጥ ብሎ የሚሄድ እንጂ የሚታጠፍ ስላልሆነ በአራቱም ጎን ሲዞር በማዕዘኖቹ ላይ መስመሩ ይጋጫል። በ45 ዲግሪ ቆርጦ ማጋጠም ይቻላል፤ የተሻለው ግን የነጠላውን የራሱን ሥርዓት መከተል ነው። ነጠላ ላይ ደምቆ የሚታየው ጥለት በሁለቱ ጫፎች ነው፤ በፎቶውም ላይ ከላይና ከታች ብቻ ቢደረግ የማዕዘኑ ችግር ከነአካቴው ይቀራል፤ ሁለቱ ጎኖች ነጭ ሆነው ይቆያሉ፤ ለሙሽሮች ፎቶም እጅግ ይስማማል።

በብራና መጻሕፍት ገጽ ራስ ላይ የሚሣለው ሐረግም እንዲሁ ነው። በአብዛኛው ገጹን ከላይ ይከድንና በጎንና በዓምዶቹ መካከል ይወርዳል እንጂ እንደ ፍሬም አራቱንም ጎን አይዘጋም። ከጣና ገዳማት መጽሐፍ ላይ ፎቶ አንሥቶ በቀጥታ መለጠፍ ግን አይገባም፤ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ከመሆኑም በላይ የብራናው እጥፋትና ጥላ አብሮ ይመጣል። ኢንክስኬፕ በተባለው ነጻ የመሣያ ፕሮግራም ሐረጉን በራስ እጅ እንደገና መሣል፣ በማንኛውም ልክ ሲታተም የማይደበዝዝ ጌጥ ይሰጣል።

ጌጥ የማይፈልጉ ፎቶዎችም አሉ። በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕሎች በራሳቸው በክፍልና በመስመር የተከፋፈሉ ስለሆኑ፣ በፎቷቸው ዙሪያ ሌላ ጌጥ መጨመር ዓይንን ያዛባል፤ ተራ ነጭ ወይም ጥቁር ግራጫ ይበቃቸዋል። ማለዳ ጉም ባለበት ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ የተነሣ የታንኳ ፎቶ ደግሞ ሰማዩ ነጣ ካለ ከነጭ ጠርዝ ጋር ይቀላቀልና ፎቶው የት እንዳለቀ አይለይም። ለዚህ በፎቶውና በጠርዙ መካከል ባለ 3 ፒክስል ግራጫ መስመር ማስመር ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በረጅሙ የያዘ 2 ለ 1 ምጣኔ ያለው ፎቶም በ20 በ30 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ላይ 28 በ14 ሆኖ ሲቀመጥ በጎንና በጎን 1፣ ከላይና ከታች 3 ሳንቲ ሜትር ነጭ ይተርፈዋል፤ ያ ነጭ ራሱ ፍሬሙ ነው።

## ለማን የትኛው?

በቀን ብዙ ፎቶ የሚያጥብ ፎቶ ቤት ፎቶሾፕን በሕጋዊ ክፍያ የሚጠቀም ከሆነ አክሽኖቹን በየወረቀቱ ልክ፣ ለ10 በ15፣ ለ13 በ18ና ለ20 በ30 ለየብቻ አዘጋጅቶ ያስቀምጥ። ክፍያው የሚከብደው ፎቶ ቤት ዲጂካምን ለብዛቱ፣ ጊምፕን ለልዩ ጥያቄ አጣምሮ ይያዝ፤ ሁለቱ ተደምረው አንድ ብር አያስወጡም፤ 4 ጊጋ ራም ባለው ኮምፒውተርም ላይ ፎቶዎቹ ወደ ማተሚያ ልክ ካነሱ በኋላ ይንቀሳቀሳሉ። ካሜራውን ይዞ በሐይቁ ዳር ለሚሠራና ፎቶውን በቴሌግራም ለሚያስረክብ ወጣት ስናፕሲድ ይበቃዋል፤ ደንበኛው በኋላ ሊያሳጥበው ካሰበ ግን ጠርዝ የሌለውን ዋናውን ምስል እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጎ ይላክለት፤ ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከውን ጨምቆ ያሳንሰዋልና። የመታሰቢያ ወይም የግብዣ ካርድ የሚሠራ ሰው መስመር እስካለ ድረስ ካንቫን ቢመርጥ አይሳሳትም።

በየትኛውም ሶፍትዌር ቢሠራ ለማተሚያ የሚሄደው ፋይል ኤስአርጂቢ በሚባለው የቀለም ሥርዓት የተቀመጠ ከፍተኛ ጥራት ያለው ጄፔግ ይሁን፤ ለአጣቢው «አስፍተህ አትሙላው» የሚል መልእክት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሰጥ። መቶውን ከማሳጠብ በፊት አንዱን ብቻ አሳጥበው የአራቱን ጎን ጠርዝ በማስመሪያ ይለኩ፤ በግራና በቀኝ መካከል ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ የሁሉንም ጠርዝ በ20 ፒክስል ያስፉና ልዩነቱ ዓይን እስከማይይዘው ድረስ ድጋሚ አንድ ያሳጥቡ።